ዝምተኛዋን መልሶ እንዳያመጣት

ፈረንሳይ ለጋሲዮን፣ አዲስ አበባ
ኅዳር 4 ቀን 2018 ዓ.ም.

ሆዴ ማዕዶት፣

ወንበር ስበሽ ተቀመጪ። ከሁሉ በፊት ይሄን እወቂ፤ ሁላችንም በሕይወት አለን። አባትሽ አለ፤ አሁንም በረንዳ ላይ ሬዲዮ ይዞ ከዜናው ጋር ይጨቃጨቃል። እኔም አለሁ። አክስትሽ እማሆይ አምለሰትም አሉ፤ ዛሬ ጠዋት ሽሮው ጨው በዝቶበታል ብለው ሲቆጡኝ ነበር፣ እንግዲህ ጤናቸውን ከዚህ እወቂው። መኪናሽ ግን የለችም። ተቃጥላለች።

ይኸው፣ ወጣልኝ። እዚህ አገር እንዲህ ያለ ወሬ ውጭ ላለ ሰው እንዴት እንደሚነገር ታውቂያለሽ። መጀመሪያ ይደበቃል፣ ቀጥሎ «ትንሽ ችግር ገጥሟት ነበር» ይባላል፣ በመጨረሻ አንድ ቀን ከኤርፖርት ሲያመጡሽ መንገድ ላይ ይነግሩሻል። እኔ ለዚህ ትዕግሥቱ የለኝም። ዕድሜዬን ሙሉ ሾላ ገበያ ቅመም ስሸጥ የኖርኩ ሴት ነኝ፤ የበርበሬ ዋጋ እንኳ በግማሽ አፌ ተናግሬ አላውቅም።

በስልክ ያልነገርኩሽ ስልኩ የእኔ ስላልሆነ ነው። በደወልሽ ቁጥር አባትሽ ድምፁን ከፍቶ አጠገቤ ይቀመጣል፤ አፌን ስከፍት ዓይኑ አፌ ላይ ነው። ሰፈሩንም አስምሏል። «ለማዕዶት ትንፍሽ ያለ ከእኔ ጋር አይተዋወቅ» ብሎ ትንሹንም ትልቁንም አስፈራርቷል። ያ «ካሜራው ተበላሽቶ ነው» የሚልሽም ውሸቱን ነው። ካሜራው ምን ይሆናል! ቅንድቡ ተለብልቦ ነው የማያሳይሽ። አትደንግጪ፣ አሁን መልሶ በቅሎለታል፤ የግራው ሸበት ብሎ ወጣ እንጂ፣ እውነቱን ልንገርሽ፣ ከበፊቱ ያምርበታል።

ደብዳቤውን የምትሰጥሽ ሰገነት ናት፣ የጎረቤታችን የወርቅአየሁ ልጅ። ለሥልጠና ወደ እናንተ ወደ ኦስሎ እንደምትመጣ ስሰማ እግዜር የላካት መልእክተኛ ናት አልኩ። «እማዬ የወርቅአየሁን ልጅ አምና ላከች?» ትይ ይሆናል። አዎ፣ ከወርቅአየሁ ጋር ታርቀናል። እንዴት እንደታረቅን ስትሰሚ ትስቂያለሽ፣ ታለቅሺያለሽም።

አሁን የምለምንሽን ልንገርሽ። አባትሽ የመኪናዋን መንትያ አግኝቷል። ያው ዓይነት፣ ያው ሞዴል፣ ያው ሰማያዊ ቀለም። ተጋጭታ የተገለበጠች ናት፤ ጉርድ ሾላ አካባቢ አንድ ሰው ግቢ ቆማለች። ሰውዬው ባትሪዋን ከፍቶ፣ የተጎዳውን አውጥቶ፣ ከሌላ ከተጋጨች መኪና በወሰደው ሞልቶ መልሶ አሽጎታል። አባትሽ እሷን ለኅዳር ጽዮን ሰሞን አምጥቶ እዚያችው ቦታ ላይ፣ ከበራችን ውስጥ፣ ከእማሆይ መስኮት ሥር አቁሞ ቻርጅ ሊያደርጋት ነው። ለምን ብትይ፣ ለጥምቀት ስትመጪ መኪናሽን በቦታዋ እንድታያትና ምንም እንዳታውቂ። ተው ብለው፣ ብለምነው፣ በእማሆይ ባስለምነው እንቢ አለ። የሚሰማው አንቺን ብቻ ነው። አንቺ ካወቅሽ ደግሞ የሚያመጣበት ምክንያት አይኖረውም። ለዚህ ነው ተደብቄ ጓዳ ውስጥ የምጽፍልሽ።

ነገሩ የጀመረው በፍልሰታ ነው። አምና ለፋሲካ መጥተሽ መኪናዋን ከገዛሽለት ጀምሮ አባትሽ ሌላ ሰው ሆነ። ድምፅ የላትም ብሎ ስሟን «ዝምተኛዋ» አላት። «ከእናትሽ ጋር ይሄን ሁሉ ዘመን ኖሬ ዝምታ ናፍቆኝ ነበር» እያለ በእኔ ላይ ይስቃል፣ አሽሟጣጭ! በፍልሰታ የሰፈሩን አሮጊቶች ሁሉ እየጫነ ወደ እንጦጦ ኪዳነ ምሕረት ቅዳሴ ያወጣቸው ነበር። አንዲትም ሳንቲም አይቀበልም፤ ምርቃቱን ብቻ። ብታይው ደስ ይልሽ ነበር። ጡረታ ከወጣ ወዲህ እንደዚያ ቀጥ ብሎ ሲሄድ አላየሁትም።

ታዲያ አንድ ቀን ዝናቡ ያጠበው መንገድ ላይ፣ ከእንጦጦ ሲወርድ፣ አንድ ሹል ድንጋይ የመኪናዋን ሆድ ከፊት እስከ ኋላ ፈተጋት። ውስጥ ያሉት አሮጊቶች «በስመ አብ!» ብለው ጮኹ። ቀይ መብራት በራች፣ ከዚያ ጠፋች። «አለፈላት» አለ አባትሽ። ለባለሙያ ማሳየት ነበረበት፣ ባትሪዋ እኮ እዚያው ከሆዷ ሥር ነው የተነጠፈው። እሱ ግን የአሰብን መንገድ በኤንትሬ የጭነት መኪና የጨረሰ ሾፌር ነው፤ ለእሱ ስለ መኪና ሆድ ማን ይነግረዋል? በእነሱ ዘመን መኪናው ድንጋይ ሲነካው ከሥሩ ወፍራም ላሜራ ይበየድለትና በቃ፣ መንገዱ ይቀጥላል። የዘይት መያዣው እንዳይቀደድ ነበር እሱ። ዝምተኛዋ ደግሞ ዘይትም የላት፣ ሞተሯም እንደዚያ አይደለ።

ወደ ጉደታ ወሰዳት፣ ታች አስፋልቱ ጋ ወዳለው በያጅ። «ከሥሯ ላሜራ በይድልኝ» አለው። ጉደታ ኋላ ልቅሶ ሊደርስ እንደመጣ ሰው እያለቀሰ ነው የነገረኝ፤ «ጋሼ፣ ባትሪዋ እዚህ አይደለም እንዴ? ብዬ መጠየቅስ ጠይቄያቸው ነበር» አለኝ። አባትሽ ምን ይመልሳል? «ባትሪው በብረት ውስጥ ነው፣ አንተ ብረቱን በይድ።» ጉደታስ ምን ያድርግ! ልጅ ሆኖ ብስክሌቱን እየጠገነለት ያሳደገውን ሰውዬ እምቢ ይበለው? በየደው። አባትሽም ደስ ብሎት፣ «አሁን እስከ ላሊበላ ብነዳት ምንም አትሆን» እያለ መጣ።

ከዚያ ወዲህ ፀባይዋ ተለወጠ። ቶሎ ትሞላለች፣ ቶሎ ታልቃለች። ቻርጅ ስትደረግ ደግሞ አንድ ሁለቴ የጥፍር ቀለም ማስለቀቂያ የመሰለ ነገር ሸተተኝ። ነገርኩት። «አንቺ ደግሞ አፍንጫሽ በበርበሬ ከሞተ ስንት ዘመኑ!» አለኝ። ተናደድኩ፣ አኮረፍኩት፣ ማታ ራት አቀረብኩለትና ነገሩ አለፈ። ይኸው ነው፤ በሁለት ሰው ቤት ውስጥ ነገር የሚያልፈው እንደዚህ ነው።

የተቃጠለችው በጥቅምት፣ ቅዳሜ ረፋዱ ላይ ነው። አባትሽ አጥቧት፣ ከበሩ ውስጥ አቁሟት፣ ሶኬት ላይ ሰክቷት ነበር። እኔ ጓሮ ልብስ አሰጣለሁ። እንደ ፕሬዠር ኩከር ሹሹሹ የሚል ድምፅ ሰማሁ፤ ምስሩን ጥጄ ረሳሁት እንዴ ብዬ ወደ ማድ ቤት ሮጥኩ። ምስር የለም። ወደ ፊት ስመጣ ከመኪናዋ ሥር ነጭ ጭስ ይትጎለጎላል። አባትሽ ቆሞ ያያታል። «እንፋሎት ነው፣ አሁን አጥቤያት ነው» ይላል። «የምን እንፋሎት! አምባዬ፣ ራቅ በል!» ሳልጨርስ ጧ! ጧ! ብሎ ከሥሯ እሳቱ ወደ ጎን ተተኮሰ። ወደ ላይ አይደለም የሚወጣው፣ ወደ ጎን ነው ልጄ፣ እንደዚያ ዓይነት እሳት አይቼ አላውቅም። እሱ ደግሞ ቱቦ ይዞ ይጠጋላታል! ቅንድቡ የሄደው ያኔ ነው፣ ግራ እጁም ትንሽ ተለብልቧል፤ እሱም ድኗል።

የግቢያችንን አሠራር ታውቂዋለሽ። አንድ በር ነው ያለን። ዙሪያውን ግንብ፣ መስኮቱ ሁሉ በፍርግርግ ብረት የታጠረ፤ ሌባ እንዳይገባ ብለን። እሳቱ የተቀመጠው ደግሞ በእኛና በበሩ መካከል ነው። ሮጬ ጓሮ ያለውን ቆጣሪ አጠፋሁ። ከዚያ እማሆይ ትዝ አሉኝ። እግራቸው እንደማይሸከማቸው ታውቂያለሽ፤ ክፍላቸው ደግሞ የፊተኛው ነው፣ ጭሱ በመስኮታቸው መግባት ጀምሯል። አፌን በነጠላ ሸፍኜ ገባሁ። አልጋቸው ላይ ተቀምጠው ውዳሴ ማርያም ይደግማሉ። «እማሆይ፣ ቤት እየተቃጠለ ነው!» ብላቸው፣ «ታዲያ ምን አስጮኸሽ፣ አንሺኝ» አሉኝ። ከአባትሽ ጋር ከነፍራሻቸው ጎትተን በሳሎን አድርገን ጓሮ አወጣናቸው። ከዚያስ? ከዚያ ወዲያ ግንብ ነው።

«ወርቅአየሁ! ኧረ ወርቅአየሁ ድረሺልኝ!» ብዬ ጮህኩ። ያንን ግንብ ወደ እኛ ገፍታ ሠራችው ብዬ ስንካሰስ፣ ገና ለገና ቤተ ክርስቲያን በር ላይ እንገናኛለን ብለን የተለያየ ሰዓት ስንስም የኖርን ሴቶች።  ወዲያው ከወዲያ በኩል ዷ! ዷ! ሲል ሰማሁ። ዶማ ይዛ ብሎኬቱን ትንደዋለች! በራሷ እጅ፣ ያን በክስ ያቆመችውን ግንብ። ቀዳዳው ሰፋ ሲል እማሆይን አሳልፈን ስንሰጣት እማሆይ ምን ቢሉ ጥሩ ነው? «ወርቅአየሁ፣ ይሄ ግንብ በስተመጨረሻው የማን ሆነ?» እሷም «የእግዜር ነው እማሆይ፣ እግርዎን ይሰብስቡ» አለቻቸው። እኔ መሬት ላይ ቁጭ ብዬ ሳቅኩ፣ እያለቀስኩ ሳቅኩ። የታረቅነው እንዲህ ነው፤ ሽማግሌም አላስፈለገን።

እሳት አደጋዎች መጡ። ቧንቧውን ዘርግተው ብዙ ሰዓት ውሃ አወረዱባት፤ እሳቱ ይጠፋል ሲባል ይነሳል፣ ይጠፋል ሲባል ይነሳል። በኋላ ሲበርድ አለቃቸው ጠራንና፣ «እናቴ፣ አባቴ፣ ለዓይን ነው እንጂ የጠፋው ውስጧ ገና አልቀዘቀዘም። ባትሪ እንደ እንጨት አይደለም፤ ከሰዓታት በኋላም፣ ነገም ሊነሳ ይችላል። ጭሱም መርዝ ነው። ውሃ ሞልተን፣ ጎታች መኪና ይዘን እስክንመለስ ሰው እንዳታስጠጉ» አለን። አባትሽ «እሺ፣ እሺ» አለ። እነሱ ቁልቁል ወረዱ።

አሁን ደግሞ ምን እንደሚመጣ አንቺም አታጪውም። ሰፈሩ መጣ። «እንኳን እግዜር አተረፋችሁ!» የሚል ሰው በበሩም፣ በግንቡ ቀዳዳም ይገባ ጀመር። ሴቶቹ ዳቦ በትሪ፣ ወንዶቹ የእድሩን ፕላስቲክ ወንበር በትከሻ። ቤቱ ጭስ ጭስ ስለሚል ወንበሩ ግቢው ውስጥ ተደረደረ። ግማሹ ሰው ጀርባውን ለመኪናዋ ሰጥቶ ተቀመጠ። ሰው ደግ ነው፣ ሞተን እንዳልቀረን በዓይኑ ሊያየን ነው የመጣው። ለእንደዚህ ያለ ሰው «ውጣ» ይባላል? አባትሽ አልቻለም። ከአንዱ ወደ አንዱ እየሄደ እጅ ይነሳል፣ ከወገቡ እየጎነበሰ። የእሳት አደጋው ሰውዬ ያለውን ረስቶት አይደለም፤ እንግዳ ማስነሳት ነውር ሆኖበት ነው። እኔስ ብሆን? አልዋሽሽም፣ ለስላሳ እያዞርኩ ነበር።

ለእድሩ ሊቀመንበር ለጋሽ አበራ ጠርሙስ ልሰጥ ጎንበስ ስል ነው የሰማሁት። ከመኪናዋ ሥር ጠቅ፣ ጠቅ፣ ጠቅ ይላል፤ ከእሳት የወረደ ድስት እንደሚለው። ያ የጥፍር ቀለም ማስለቀቂያ ሽታም መጣ። ፊቴን አዙሬ የተቀመጠውን ሰው አየሁት። ስንቱ አሮጊት፣ ስንቱ እናቱ ያዘለችው ሕፃን! ጠርሙሱን ለቀቅኩትና ጮህኩ።

«ውጡ! ሁላችሁም ከቤቴ ውጡ!»

የሾላ ጉሮሮዬን ታውቂዋለሽ።  ጋሽ አበራ ቀስ ብለው ቀና አሉና፣ «ወይዘሮ ለተሥላሴ፣ ሰው እያባረሩ ነው?» አሉኝ።

«አዎ እያባረርኩ ነው! ይነሱ! በግንቡ በኩል ይውጡ፣ በበሩ እንዳይሄዱ!»

«እንጠይቃችሁ ብለን በመጣን...»

«ጋሽ አበራ፣ እግዜር ያሳይዎት፣ ይነሱ አልኩ!» ብዬ ክንዳቸውን ይዤ አነሳኋቸው። እኔ! ውሃ እንኳ ሳታቀምስ ሰው ከቤቷ ሸኝታ የማታውቀው ሴት፣ ዳቦ ይዞ የመጣን ሰው በትሪው እየገፋሁ አስወጣሁ። አንዷ «ደንግጣ ነው፣ አእምሮዋን ነክቷት ነው» ስትል ሰማኋት። ሌላዋ «ባይሆን ቀስ ብላ ብትናገር» ትላለች። ወርቅአየሁ ብቻ ናት የገባት፤ ከወዲያ ቆማ አንድ በአንድ እየጎተተች ታሳልፋቸዋለች።

ግቢው ባዶ ሆነ ስል አባትሽ ወንበር ላይ ተቀምጧል። ከመኪናዋ ፊት ለፊት።

«አምባዬ፣ ተነስ።»

«ሰው ፊት አዋረድሽኝ» አለኝ። ድምፁን ከፍ አላደረገም፣ ከፍ ቢያደርግ በተሻለኝ። «እንግዶቼን አባረርሽ። አሁን እኔንም ከግቢዬ ልታባርሪኝ ነው? እኔ ከዚህ አልነሳም።»

ለመንኩት። ጎተትኩት፤ ያን የሚያህል ሰውዬ እኔ በየት አቅሜ። ጠቅ ጠቁ ሹሹ ወደ ማለት ሄደ። ያኔ ምን እንደምል ጠፋኝና ያንቺን ስም ጠራሁ። «ነገ እሑድ ነው። ማዕዶት ትደውላለች። ስልኩን እኔ ሳነሳና አባዬ የት ሄደ ስትለኝ ምን ልበላት?» አልኩት። ቀና ብሎ አየኝ። ተነሳ። እጁን ይዤ ሄድን፣ ቀዳዳው ጋ እንደደረስን ኋላችን ቡፍ አለ። ሙቀቱ ጀርባዬን መታኝ። ዞረን ስናይ ከፊት የተደረደረው ወንበር በሙሉ እንደ ሻማ ቀልጦ እየተኛ ነው። እሱ የተቀመጠበትም።

ማንም አልተጎዳም ልጄ። አንድ ሰው እንኳ። እሳት አደጋዎቹም ደረሱ፣ እስኪመሽ ውሃ ሲያጠጧት ውለው ጎታች መኪናው ወስዶ ሜዳ ላይ አወጣት። የቤታችን የፊት ግድግዳ ጠቁሯል፣ የእማሆይ መስኮት መስታወቱ ረግፏል፤ እሱ ተሠርቷል። ፍርግርጉን ጉደታ መጥቶ ቆረጠውና ማጠፊያ አበጀለት፣ አሁን ከውስጥ በእጅ ይከፈታል። የግንቡም ቀዳዳ በር ሆኗል። ቁልፍ የለውም፤ ወርቅአየሁ ቡና ሲያምራት በዚያ ነው የምትገባው፣ አንዳንዴም አበዛችው። ጋሽ አበራ በማግስቱ መጥተው፣ «ወይዘሮ ለተሥላሴ፣ እንዲህ አድርጎ ያባረረኝ ሰው የለም፤ ዕድሜ ይስጥዎት» ብለው ግንባሬን ሳሙኝ። ከበሩ ሳይወጡ ዞር ብለው፣ «ወንበሩን ግን ትተካላችሁ» አሉ።

አባትሽ ደግሞ ከዚያን ቀን ወዲህ «አዋረድሽኝ» አላለኝም። «ደግ አደረግሽ»ም አላለኝ። ሌሊት ሌሊት እጄን ይዞ ይተኛል፣ በቃ እሱ ነው ንግግሩ።

ኤሌክትሪክ መኪና ሁሉ ሰይጣን ነው እያልኩሽ እንዳይመስልሽ። እኔ ራሴ ወደ መገናኛ ስወርድ በኤሌክትሪክ ሚኒባስ ነው የምሄደው፣ ደስ ይላል፣ አይሸትም አይጮህም። ሲ.ኤም.ሲ ያለው የእህቴ ልጅ ቢንያም ኤሌክትሪክ መኪና አለው አይደል፤ ባለሙያ የራሷን መስመር ዘርግቶላት፣ ከቤቱ ራቅ አድርጎ ገላጣ ላይ ነው የሚያቆማት፣ ሥሯን ትንሽ ነገር ሲነካት ወዲያው ወስዶ ያስመረምራታል። ምንም ሆና አታውቅም። እኛ ግን የተጎዳችዋን ላሜራ አለበስናት፣ ላዩ ላይ በብየዳ እሳት ለቀቅንባት፣ ከዚያ መውጫችን ላይ አስተኛናት። የእሳት አደጋው አለቃም፣ ድንጋዩ ይሁን ብየዳው አልለየም፣ «ከሁለቱ አንዱ፣ ወይም ሁለቱም» ነው ያለኝ።

ይቺ የጉርድ ሾላዋ መንትያ ደግሞ ከእኛዋ የባሰች ናት። ለአባትሽ ሳልነግር ሄጄ አየኋት። እውነትም ቁርጥ እሷን ናት፤ ሳያት ሆዴ ባባ። ሰውዬውን፣ «አንተ ልጆችህ የሚተኙበት ግቢ ታሳድራታለህ?» አልኩት። ሳቀ። ሳቀና ሻይ ልጋብዝሽ አለኝ።  ቤት ስመለስ ለአባትሽ ነገርኩትና ተጣላን፤ በደንብ ነው የተጣላነው። በመጨረሻ ምን አለኝ መሰለሽ? «ልጅቷ በዚያ በረዶ ቆማ ሠርታ፣ ወንድሞቿ ያላደረጉትን አድርጋ፣ ለእኔ ለሽማግሌው መኪና ገዛች። እኔ ዓመት እንኳ ሳትሞላ በገዛ እጄ አቃጠልኳት። ይሄን በየትኛው አፌ ልንገራት?» ይሄን ብሎ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረ። አባትሽ ፊቱን የሚያዞረው መቼ እንደሆነ አንቺም እኔም እናውቃለን።

እማሆይ ክፍላቸውን እንዲቀይሩ ብጠይቃቸው እንቢ ብለዋል፤ «ወንድሜ መኪና ከሚያመጣብኝ እኔን ደብረ ሊባኖስ ይውሰደኝ» ይላሉ። እኔም እንቅልፍ የለኝም። ያቺ መኪና እዚህ ግቢ ከገባች ከጎኗ ወንበር አድርጌ ስጠብቃት የማድር ነው የሚመስለኝ። ስለዚህ ልጄ፣ አደራ። «አባዬ፣ ሰምቻለሁ፣ መኪና አልፈልግም፣ እንዳታመጣ» በይው። እናቴ ነገረችኝ ብትይም ግድ የለኝም፣ ያኮርፈኝ። ማኮረፍ የሚችለው በሕይወት ሲኖር ነው።

ሌላ አንድ ነገር አለ። ልጻፈው አልጻፈው ስል ነበር፣ ቅር እንዳትሰኚብኝ። እሑድ ስትደውይ፣ ሰላም እንዳልሽ መጀመሪያ የምትጠይቂው «አባዬ፣ መኪናዋ እንዴት ናት?» ብለሽ ነው። ክፋት እንደሌለው አውቃለሁ የኔ እናት። ደስ እንዲለው ብለሽ ነው፣ የሰጠሽው ስጦታ አስደስቶት እንደሆነ ልትሰሚ ነው። አሁን ግን አንቺ እንደዚያ ስትይው ስልኩን ይዞ ወደ ውጭ ይወጣል። እኔ በመስኮት አየዋለሁ። እዚያ ከበሩ ውስጥ፣ የጠቆረው መሬት ላይ ሄዶ ይቆማል። ባዶ ቦታ ላይ። አንድ እጁን ዘርግቶ ጣራዋን እንደሚደባብስ ሁሉ አየሩን እየደባበሰ፣ «አለች ልጄ፣ ደህና ናት፣ ይኸው አጠገቧ ነኝ» ይልሻል። አንቺም ደስ ይልሽና ስለ መንገዱ፣ ስለ ቻርጁ ትጠይቂዋለሽ፣ እሱም ይመልስልሻል፣ ሰዓትሽ ይደርስና ትዘጊዋለሽ። እሱ ግን ሳይጠየቅ ይቀራል።

በዚህ እሑድ ስለ እሱ ጠይቂው።

እግዚአብሔር የምትሠሪበትን እጅ ያበርታልሽ። በረዶው ይቅለልሽ፣ የሰው አገር ሰው ይልመድሽ። የምትተኚበት ቤት መውጫው ሰፊ ይሁን፤ «ድረሺልኝ» ብለሽ ስትጣሪም ግንብ አፍርሶ የሚመጣ ጎረቤት አያሳጣሽ።

እናትሽ
ለተሥላሴ